ከጥፍሯ ሥር የተገኘው ሐረግ

ዶክተር ህሊናን ከሰው ቀድመው ያገኟት አባ ኮዳዎች ናቸው። የዓሣ አንጀት እየለቀሙ የሚኖሩት እነዚያ ራሰ በራ ወፎች ማለዳ በሀዋሳ ሐይቅ ደንገል ዳር ሲሻሙ ያዩ አሥጋሪዎች በመቅዘፊያ አባረሯቸው። ወፎቹ ይሻሙበት የነበረውን ሲያዩ ግን አንደኛው ፖሊስ ሊጠራ ሮጠ። ሴትዮዋ በደረቷ ተደፍታለች። የራስ ቅሏ ከኋላ ተፈርክሷል፤ ገዳዩ አንዴ መትቶ እንዳልበቃው ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። አጠገቧ ጀልባ የሚታሰርበት ድንጋይ ከነገመዱ ወድቋል፤ ፀጉሯ ተጣብቆበታል።

ዋና ኢንስፔክተር ደስታነሽ ሌዳሞ በባጃጅ ደረሰች። የፖሊስ መኪና ተመድቦላታል፤ ለመኪናው ግን ነዳጅ አልተመደበለትም። ሃምሳን የተሻገረች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሰው ሲዋሻት የምታዛጋ ሴት ናት። ይህን አመሏን የሚያውቁ ባልደረቦቿ እሷ ፊት ሲያወሩ ዓይኗን ትተው አፏን ያያሉ።

ከመንገዱ እስከ ደንገሉ ድረስ ሣሩ ተጎትቶ ተኝቷል። ደስታነሽ የጉተታውን መስመር ተከትላ ወረደችና እያቃሰተች ተንበረከከች። የሟቿ ጥፍሮች ተሰባብረዋል፤ በቀሩት ሥር ደምና የሰው ቆዳ ይታያል።

«ታግላለች» አለች። «የገደላት ሰው ሳይቧጨር አልቀረም። ጥፍሯን አደራ።»

ከደንገሉ መሃል ነጭ ነገር ተንሳፎ ነበር። አብሯት የመጣው የፎረንሲክ ባለሙያ በእንጨት ስቦ አወጣው። የላስቲክ ጓንት ነው፤ አንዱ ተገልብጦ በሌላው ሆድ ውስጥ ተጠቅልሏል።

«ውኃ አጥቦታል፤ ምንም አይገኝበትም» አለ ባለሙያው።

«አጠቃለሉን አላጠበውም። እንዳለ አሽገው።»

ቦታው ከ«ምንጭ» ቤተ ሙከራ የኋላ በር ቁልቁል ነው። «ምንጭ» ህሊና ያቋቋመችው ትንሽ የግል ቤተ ሙከራ ሲሆን የሰውን ምራቅ ተቀብሎ ቅድመ አያቶቹ ከየት አካባቢ እንደመጡ ከዲ ኤን ኤው ይገምታል። የሀዋሳ ሰው ስለ ጎረቤቱ ማወቅ ይወዳል፤ ስለ ራሱ ለማወቅ ደግሞ ሰልፍ ይዞ ይከፍላል። አሥጋሪዎቹ ሳይቀሩ ለጥናት ተብለው ምራቃቸውን ሰጥተዋል።

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። የሟች ባል ኪሩቤል፣ የሕንፃ ተቋራጭ፣ ግድግዳውን በቡጢ እየመታ ያለቅሳል። ወጣቷ ተመራማሪ ታቢታ ጋውኗን ሳታወልቅ ጥግ ላይ ተኮራምታለች። ሦስተኛው የህሊና ምክትል ፍፁም ታደሰ ነው፤ ረጅም፣ ቀይ፣ መልከ መልካም፣ ንግግሩ እንደ ሬዲዮ የተስተካከለ። ግራ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ክንድዎን ምን ሆነው ነው?» አለችው ደስታነሽ።

«አሲድ ፈሶብኝ። የሥራችን ጠባይ ነው።»

«ያ ዓሣ አጥማጁ ነው!» ብሎ ጮኸ ኪሩቤል። «ጠሀ! ድንጋዩ የሱ ነው። አጥራችሁ ወደ ጀልባዬ የምሄድበትን መንገድ ዘጋው ብሎ "ሐይቁ ውስጥ ነው የምደፍቅሽ" ሲላት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሙሉ ሰው ሰምቷል።»

ይህ እውነት ነበር። ድንጋዩም የጠሀ ነበር። ደስታነሽ ሁለቱንም ጻፈች፤ ነገር ግን ድንጋዩ ሌሊትም ቀንም ለመንገደኛ ሁሉ ተጋድሞ የሚኖር መሆኑን ጨምራ ጻፈች።

ሳምንት አልፎ የጥፍሩ ውጤት ከአዲስ አበባ መጣ። ኮማንደር ሽመልስ፣ የደስታነሽ አለቃ፣ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብቦ ስላልገባው ፍፁምን ጠርቶ አስተረጎመው።

«የሟች ደም የገዳዩን ደም አጥለቅልቆታል» አለ ፍፁም። «ተለይቶ የተነበበው ወንድ ብቻ የሚይዘው ክፍል ነው፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደው። ይህ ዓይነቱ መስመር በብዛት የሚገኘው ከባሕሩ ማዶ፣ የመን ውስጥ ነው። እኛ ጋ ካሉት ናሙናዎች ደግሞ ከአንድ ሰው ጋር ቁርጥ አንድ ሆኗል።»

«ከማን ጋር?»

«ከጠሀ ሳልህ። አባቱ የመኒ ነበሩ።»

ኮማንደሩ ጠረጴዛውን መታ። «አለቀ! እትዬ ደስታነሽ፣ ሳይንስ ሲናገር እኛ ዝም ነው።»

ደስታነሽ ስለ ጓንቱ አነሣች፤ የሰማት አልነበረም። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ፖሊሶች ጠሀን ለመያዝ ከመድረሳቸው በፊት «ገዳዩ አረብ ነው» የሚለው ወሬ ከተማውን አዳርሶ ነበር። ሕዝቡ ጠሀን ከመረቡ ላይ ጎትቶ አወጣው። በገዛ መቅዘፊያው ደበደቡት። ጎድኑ ተሰበረ፣ ቀኝ ዓይኑ ፈሰሰ፣ ጀልባው ተቃጠለ። ከፊት ሆኖ ይመታ የነበረው ኪሩቤል ነው፤ ፖሊሶች ሲያስለቅቁት የእጁ መጋጠሚያ እስኪላጥ መትቶ ነበር። ጠሀን በቃሬዛ ሆስፒታል ወስደው አንድ እግሩን ከአልጋው ጋር በካቴና አሰሩት። ዐቃቤ ሕግ ሰኞ እከሳለሁ አለ። ክሱ ሰው መግደል ነው፤ ቅጣቱ ሞት ሊሆን ይችላል። በዋስ ቢወጣ ደግሞ ሕዝቡ የጀመረውን እንደሚጨርስ ማንም ያውቃል።

ደስታነሽ ሆስፒታል ስትገባ የጠሀ ሚስት ዘይነባ በማንኪያ ሾርባ ታጠጣው ነበር።

«አልገደልኳትም፣ ኢንስፔክተር» አለ ጠሀ ባበጠ ከንፈሩ። «ተናድጄ ተሳድቤያለሁ፤ አፌ መጥፎ ነው። ያን ቀን አመሻሹን ውኃ ላይ ነበርኩ።»

«ማን አየህ?»

«ዓሣው።»

ደስታነሽ ሳትወድ ሳቀች። ከነርሷ ጓንት ተቀብላ አጠለቀችለትና አውልቅ አለችው። ጠሀ ጣቱን አንድ በአንድ እየሳበ አወለቀና ሁለቱን ለየብቻ አልጋው ላይ ጣላቸው። ከዚያ ነርሷን «አንቺስ?» አለቻት። ነርሷ የአንዱን ጓንት አንገት ቆንጥጣ ገልብጣ አወለቀችው፤ በሌላው መዳፍ ውስጥ ጨበጠችው፤ ሁለተኛውን በላዩ ላይ ገለበጠችበት። አንድ ጥቅል ብቻ ቀረ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ትምህርት ቤት። የነካሽው ቆሻሻ ወደ ውስጥ እንዲቀር ነው። አሁንማ ሳላስበው ነው እጄ የሚሠራው።»

ዶክተሩንም ጠየቀችው። በጠሀ ሰውነት ላይ ስንጥቅና ሰንበር ሞልቷል፤ ከድብደባው በፊት የነበረና መዳን የጀመረ የጥፍር ጭረት ግን አንድም የለም።

«ወንድም አለህ?» አለችው ከመውጣቷ በፊት።

«አባቴ ከእኔ ሌላ አልወለደም። አሮጌው ገበያ ጨርቅ እየሸጠ ኖሮ ሞተ።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ታቢታ ሄደች። ልጅቱ ወንበር ሰጠቻት፤ ደስታነሽ ጉልበቷን እያሸች ተቀመጠች።

«እስቲ ለእኔ ለመሃይሟ አስረጂኝ። ከጥፍሩ የተገኘው ጠሀ ነው ወይስ አይደለም?»

«ሊሆን ይችላል እንጂ ነው አይባልም» አለች ታቢታ። «የአባት መስመር ሳይለወጥ ነው የሚወርደው። አባቱ፣ ወንድሙ፣ አጎቱ፣ የአጎቱ ወንድ ልጅ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። "በየመን በብዛት ይገኛል" ማለትም እኛ አገር የለም ማለት አይደለም፤ ሞልቷል። ይሄ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ነው።»

«አንቺን ማን አስተማረሽ?»

«ጋሽ ፍፁም ነዋ።»

ደስታነሽ ጉልበቷን ማሸት ተወች። ፍፁም ኮማንደሩ ፊት ብዙ ተናግሯል፤ ስለ ወንድም ግን ትንፍሽ አላለም።

«የእናንተ ናሙናስ እዚህ አለ?»

«ልማዳችን ነው። አዲስ ሰው ሲገባ ወይም አዲስ መሣሪያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞከረው በራሳችን ምራቅ ነው። ባለፈው ወር አዲሱ ማሽን ሲገባ ሁላችንም ተፋን። ጋሽ ፍፁም "የባላባት ዘር ይቅመስ" ብሎ አሳቀን። አሥራ አራት ቤት በቃሉ ይቆጥራል እኮ፤ ሠርግ ላይ ካልቆጠረ እንጀራ አይወርድለትም። ውጤቱን ግን አላየሁም፤ እትዬ ህሊና ናት ያየችው።» ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ጠረገች። «በማግሥቱ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "ሰው ስለ ራሱ የማያውቀውን ነገር ብታገኚበት ትነግሪዋለሽ?" አለችኝ። ደስ የሚል ነገር ከሆነ እነግረዋለሁ አልኳት። "እኔም ደስ የሚል ይመስለኛል" አለች።»

ደስታነሽ ለቅሶዋን እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ልጅቱ አሳዘነቻት። ከዚያ ፍፁምን ቢሮው አገኘችው።

«ለመሆኑ የእርስዎ ውጤት ምን ይላል?»

«የእኔ?» ፈገግ አለ። «ምራቄን ሰጥቼ አላውቅም። አያቶቼን እስከ አሥራ አራት ቤት የማውቅ ሰው ማሽን ምን ያደርግልኛል?»

ደስታነሽ አፏን በመዳፏ ሸፍና አዛጋች።

የፍፁም እናት ወይዘሮ አለምነሽ እዚያው ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ግድግዳው ላይ የሟች ባላቸው የመምህር ታደሰ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከጎጃም ተመድበው መጥተው ግማሹን ሀዋሳ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጠይም፣ አጭር፣ ደግ ፊት ያላቸው ሰው።

«ወይዘሮ አለምነሽ፣ ልጅዎ ሲወለድ የት ነበር ቤታችሁ?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፉ። «አሮጌው ገበያ።»

«ከጨርቅ ነጋዴው ከሳልህ አጠገብ?»

እጃቸው ነጠላው ላይ ቆመ። «ልጄ ምን አደረገ?» አሉ።

«እኔ ያነሣሁት የቤቱን ነገር ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት ደስታነሽ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮማንደር ሽመልስ እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆመ። ኪሩቤል፣ ታቢታ፣ ፍፁምና ወይዘሮ አለምነሽ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ።

«እናቴን ለምን ጠራችኋት?» አለ ፍፁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግሩ አልተስተካከለም።

«ቀስ ብለን እንደርሳለን።» ደስታነሽ የታሸገውን ጓንት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ገዳዩ ህሊናን መንገዱ ላይ ገደላት፤ ከዚያ ጎትቶ ከነድንጋዩ ደንገል ውስጥ ከተታት። ሲጎትታት እጁን በጓንት ሸፈነ። ጓንት ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ማነው? ሲጨርስም እንዲህ አድርጎ አወለቀው። ጠሀን አስወልቄዋለሁ፣ አያውቅም። አቶ ኪሩቤል፣ እርስዎ ይሞክሩ።»

ኪሩቤል የተሰጠውን ጓንት አጠለቀ። ሲያወልቀው ጣቱን ሳበ፤ ላስቲኩ ተቀደደ።

«ታቢታ።»

የታቢታ እጅ ሳያመነታ ገለበጠው። አንድ ጥቅል ሆነ።

«እንግዲህ ገዳዩ እጁ የሠለጠነ ነው። ከጥፍሯ ሥር የተገኘው ደግሞ የወንድ ነው። በዚህ ቤት ሁለቱንም የሚያሟላ አንድ ሰው ብቻ አለ።»

«ውጤቱ ከጠሀ ጋር ገጥሟል!» አለ ኮማንደሩ።

«ገጥሟል። ከጠሀም፣ ጠሀ ወንድም ቢኖረው ከወንድሙም ይገጥማል። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፤ እርስዎም አያውቁም፣ ኮማንደር። አቶ ፍፁም ያውቃሉ፤ ሌላውን የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ሰው ሊሰቀል በሚችልበት ጉዳይ ላይ ያንን አንድ ቃል ዋጡት። ባለሙያ የመጀመሪያውን ትምህርት አይረሳም። ከዋጠው አውቆ ነው።»

«ያኔ አልተጠየቅኩም!»

«ምራቅ ሰጥተው እንደሆነ ግን ጠየቅኩዎት። አልሰጠሁም አሉኝ። ባለፈው ወር "የባላባት ዘር ይቅመስ" ያሉት ማን ናቸው?»

ታቢታ አንገቷን ደፋች። ፍፁም አያት፤ እሷ ቀና አላለችም።

«ህሊና ውጤቱን አየች» አለች ደስታነሽ። «የፍፁም ታደሰና የጠሀ ሳልህ የአባት መስመር አንድ ነበር፤ ሌላውም ምልክታቸው የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን ይናገር ነበር። ክፉ ሴት አልነበረችም። ማታ ሥራ ሲያልቅ ወደ ሐይቁ ይዛዎት ወርዳ ለብቻዎ ነገረችዎት። ለዚህ ደግነቷ ነው ጭንቅላቷን የፈረከሱት። እስቲ ክንድዎን ይፍቱት። አሲድ ሲፈስ መጮኽና ባልደረባ መጥራት ደንባችሁ ነው አሉ፤ የእርስዎን ጩኸት የሰማ የለም። የጥፍሩን ጭረት ለማጥፋት በገዛ እጅዎ ነው ያቃጠሉት።»

ፍፁም ብድግ አለ። ፋሻውን ሊፈታ የመሰላቸው ነበሩ፤ እሱ ግን ብልቃጥ የሚደገፍበትን የብረት መቆሚያ ከጠረጴዛው አንሥቶ በደስታነሽ ፊት ላይ ሰነዘረው። ጎንበስ ባትል ኖሮ አናቷን ይከፍለው ነበር፤ ቅንድቧን ሰነጠቀው። ደም ዓይኗ ውስጥ ገባ። ብልቃጦች ወለሉ ላይ ተፈረካከሱ። ኪሩቤል እንደ በሬ እያጓራ ተወርውሮ ፍፁምን ስብርባሪው ላይ ጣለውና ጉሮሮውን ያዘ። ኮማንደሩ ከላይ ሆኖ ሊያላቅቃቸው ቢታገል አልቻለም።

«አንድ ንጹሕ ሰው ዓይኑን አፍስሰሃል!» ብላ ጮኸችበት ደስታነሽ። «በቃህ! እጅህን አንሣ!»

የኪሩቤል ጣቶች ላሉ። የተላጡ መጋጠሚያዎቹን አየ። ተንሸራቶ ግድግዳውን ተደገፈና አፉን በሁለት እጁ አፈነ።

ፋሻው በትግሉ ወልቆ ነበር። የተቃጠለው ቆዳ ሥር አራት ጎድጓዳ መስመሮች ጎን ለጎን ወርደዋል።

«"ደስ አይልህም? ወንድም አለህ እኮ" አለችኝ» አለ ፍፁም፣ ወለሉ ላይ እንዳለ። «እየሳቀች። ዓሣ የሚሸተውን ሰውዬ ወንድምህ ነው አለችኝ። የአባቴን ስም በአንድ ቃል ፋቀችው። ልትናገር ነው... ለእናቴ፣ ለዘመድ፣ ለሁሉ ልትናገር ነው ብዬ...»

«ለማንም አልተናገረችም» አለች ታቢታ እያለቀሰች። «ለእኔ እንኳን ስም አልጠራችም።»

ወይዘሮ አለምነሽ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። ስብርባሪውን እየረገጡ ልጃቸው አጠገብ ቆሙ።

«አባትህ ሳልህ ነው» አሉ። «ሆዴ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ታደሰ ግን ያውቅ ነበር። ገና ሳትወለድ ነግሬዋለሁ። ይቅር ብሎኝ፣ ክርስትና አስነሥቶህ፣ ያን አሥራ አራት ቤት ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያስቆጠረህ እያወቀ ነው።»

ፍፁም ቀና ብሎ አያቸው። እናቱ ሊዳስሱት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ወደ ነጠላቸው ሰበሰቡት። ኮማንደር ሽመልስ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ፍፁም አልታገለም።

ደስታነሽ ቅንድቧን ሳታሰፋ ሆስፒታል ሄደች። ስፌቱ ይደርሳል፤ የጠሀ ካቴና ግን መዋል የለበትም አለች። ጠሀ ነቅቶ ነበር። ዘይነባ የደስታነሽን ደም አይታ ደነገጠች። ደስታነሽ ግን ምንም ሳትናገር የእግሩን ካቴና ፈታችለት። ቁርጭምጭሚቱ ተልጦ ቆስሏል።

«ማነው?» አለ ጠሀ።

ነገረችው። ከሳልህ ጀምራ እስከ ድንጋዩ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረችው። ጠሀ መጀመሪያ «ውሸት ነው» አለ። ከዚያ አባቱን ሰደበ፤ ቀጥሎ «አላህ ይማረው» አለ። በአንድ ዓይኑ አለቀሰ። ዘይነባ ግን አላለቀሰችም።

«ያን ገዳይ አላህ ሥሩን ይንቀለው!» አለች። «በሱ ምክንያት አይደል ዓይንህ የጠፋው? በሱ ምክንያት አይደል ጀልባችን የነደደው?»

ጠሀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደስታነሽ የተኛ መስሏት ልትወጣ ተነሣች።

«ጣቢያ ነው ያለው?» አለ ሳይዞር።

«ጣቢያ ነው።»

«እናቱ አርጅተዋል?»

«በጣም። ደረጃ መውጣት እንኳን ይቸግራቸዋል።»

«ሌላ ሰው የለውም?»

«አለኝ የሚለው ዘመድ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ የሚቀርበው አይመስለኝም።»

ጠሀ በተሰበረ ጎድኑ እያቃሰተ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ዘይነባ፣ ስንቅ ማን ያቀብለዋል?»

ዘይነባ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ወረወረች። «እኔ? ለሱ? ሞቼ እገኛለሁ!»

«እኔ እስክነሣ ብቻ ነው» አላት።